ከወርቁ ቀለም ሥር

ሐይቅ፣ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው አያሌው
ጅቡቲ

ዝናዬ፣ እንዴት ከርመሃል? የጅቡቲ ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ደህና ነኝ። ላቫጆው ዘንድሮ ውኃ አላጣም። ከደሴም ከወልድያም የሚመጣው መኪና አቧራውን ተሸክሞ ይመጣልኛል፣ አጥቤ እሰደዋለሁ። አባባ ጉልበቱን ያማርራል እንጂ በጤናው ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ላቫጆው በር ላይ አስወጥቶ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ስለ አባባ ሌላም የምነግርህ አለ፣ ወደኋላ ትደርስበታለህ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። አንተን በስልክ አውቅሃለሁ። ነገሩ ሲከብድህ «አይሰማኝም፣ ኔትወርክ የለም» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም ብዬ ጻፍኩልህ። የጅቡቲ መስመር የሚሠራው የታችኛው ጎረቤታችን ልጅ፣ ሹፌሩ ወንዱ፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሚኒባሱን ልንሸጠው ነበር። ከተገለበጠ ወዲህ ቦዲው ተጠግኖ ጓሮ ሸራ ለብሶ እንደቆመ ታውቃለህ። አንተ «መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብለህ ከሄድክ በኋላ አባባ ሊያየው አይወድም፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እኔም ላቫጆ ይዤ ሹፌር ፍለጋ አልዞርም። ስለዚህ ይሸጥ ተባባልን።

ሊገዛ የመጣው ሀምዱ ነው፤ የውጫሌ መስመር ሹፌሩ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለየው። ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከሥሩ ገብቶ ተኛና ተነሣ። ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ቸርኬዎቹ ላይ ሲደርስ አፉን አጣመመ።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ ሠርግ የሸኘ በቅሎ?» አለኝ።

«ወንድሜ ነው የቀባው» አልኩት።

«ቀለሙን አንሺልኝ። የፋብሪካው መልክ ከሥሩ ካለ፣ ለትርፍ ጎማ የሚቀመጠውንም ጨምሬ መኪናውን ከነአምስቱ ቸርኬ እወስዳለሁ። ፊቱን ልጠሽ ካበላሸሽው ግን አልፈልገውም።»

ሰውየው እውነቱን ነው፣ ያስጠላል። ስትቀባው ትዝ ይልሃል? የግሸን ንግሥ ሊደርስ ሰሞን ነበር። ጓሮ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈህ፣ አፍንጫህን በሻሽ አስረህ፣ የስፕሬይ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጭክ ስትነፋ ዋልክ። «ምነው ደህናውን ብርማ ቸርኬ?» ስልህ «ተሳፋሪ የሚያብረቀርቅ ይወዳል» አልከኝ። ሳቅን። ያኔ ወርቅ ነበር። አሁን ግማሹ ተላልጧል፣ ግማሹ እንደ በሰበሰ ሙዝ ልጣጭ ጠቁሯል። የፍሬን ብናኝና የሞተር ዘይት ከቀለሙ ጋር ተለውሶ ደርቆበታል። በጣቴ ስነካው የቀረብኝ ቡናማ ቅባት በሳሙናም ቶሎ አልለቀቀኝም።

ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጊው ይላል፣ አንዱ ቲነር ድፊበት ይላል፣ አንዱ ደግሞ የባትሪ አሲድ አምጥቶ ሊያስጨርሰኝ ነበር። እኔ መኪና ሳጥብ ነው ያረጀሁት፤ የማንንም አልሰማሁም። የአልሙኒየም ቸርኬ ፊቱ ላይ ብርጭቆ የመሰለ ስስ ልባስ አለው፣ ጋራዦች ክሊር የሚሉት። ሽቦ ከነካው ጭረቱ ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። ቲነር ተደፍቶ ከቆየበትም ሞራ እንደ ለበሰ ዐይን ይደበዝዛል።

ስለዚህ መኪናውን በክሪክ እያነሣሁ ሁሉንም ፈታኋቸው። ጥላ ሥር አስተኛኋቸውና በመጀመሪያ በሳሙና ብቻ አጠብኳቸው፤ አቧራው ካልወጣ በጨርቁ እየተጎተተ እሱ ራሱ ይቧጭራል። ከዚያ ከጀርባ በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ትንሽ ላምባ ቀብቼ ሞከርኩ። ክሊሩ ምንም አልሆነም፤ ያንተ ወርቅ ግን ማበጥ ጀመረ። እንግዲያው ብዬ ጨርቅ ላምባ እየነከርኩ አለበስኳቸው፣ እንዳይደርቅ በላዩ ፌስታል ጠቀለልኩበትና ሌላ ሥራዬን ስሠራ ቆየሁ። ሲለሰልስ በብረት አልነካሁትም። ከቢጫ ጀሪካን በቆረጥኩት ፕላስቲክ ነው የገፋሁት፣ ጥጋ ጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። እምቢ ላለው ብቻ በጨርቅ ጫፍ ትንሽ ቲነር፤ ነካ አድርጌ ወዲያው እጠርጋለሁ፣ ወዲያው በሳሙና ውኃ አጥበዋለሁ። እንዲህ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝኩ፣ ቀስ ብዬ።

የሚወጣው ነገር ሆድ ይገለብጣል። ቢጫና ጥቁር የተለወሰበት የታመመ በሬ ንፍጥ ይመስላል፤ ፕላስቲኩ ላይ ይንጠለጠልና አልወድቅም ይላል። ሽታው ጓንቱን አልፎ እጄ ላይ ስለቀረ ምሳዬን በማንኪያ በላሁ። አባባ ወንበሩን ወደ መንገዱ አራቀ። ቢሆንም የመጀመሪያው ሲጸዳ ደስ አለኝ። ብርማው መልኩ ከነክሊሩ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው ወጣ። አባባ ጎንበስ ብሎ አየውና «የገዛነው ዕለት እንዲህ ነበር» አለ። ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ ወጡልኝ፤ አራተኛው ከግልበጣው በኋላ የተገዛ ስለሆነ ቀለም አልነካውም።

አምስተኛው ዕቃ ቤት ተጥሎ የነበረው ነው። መኪናው በተገለበጠበት ቀን ከፊት በቀኝ በኩል የነበረው። ጎማው ያኔውኑ ተቦጫጭቆ ስለተጣለ ባዶውን ነበር። ከንፈሩን፣ የዳር ጠርዙን፣ አስፋልት ቧጭሮታል፤ ሀምዱ ይህን አይቶ ለትርፍ ጎማ ይሆነኛል ብሏል። እንደ ሌሎቹ አጠብኩት፣ እንደ ሌሎቹ ላምባ አለበስኩት።

ስገፋው አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ ሌላው አልተነሣም። ከወርቁ ሥር ብር መምጣት ሲገባው ግራጫ ነገር መጣ። ጭቃ መሰለኝ። ፕላስቲኩን ጫን ሳደርገው እንደ ማስቲካ እየተሳበ ወጣ። ስቱኮ ነው። ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ ላሜራ የሚሞሉበት ስቱኮ፣ ቸርኬ ላይ። እሱን ሳነሣው ከሥሩ የብረት ማጣበቂያ አለ፣ መግል መስሎ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። እሱንም አነሣሁት። ከእሱ ሥር ስንጥቁ ነበር። ከቡሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ይነሣና እስከ ከንፈሩ ይሄዳል፤ ጥፍሬ ገባበት።

ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። የስንጥቁን ዳርና ዳር በሞረድ ሞርደኸዋል፣ ማጣበቂያው እንዲይዝልህ። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተኸዋል፣ የቸርኬውን ጉብታ ተከትለህ፣ እጅ ቢያልፍበት እንዳያውቀው አድርገህ። አንተ እኮ ቤት ውስጥ አንድ ምስማር አቃንተህ መትተህ አታውቅም። የበሩን ማጠፊያ ሥራልኝ ስልህ ክረምት አልፎ ክረምት የሚመጣብህ ሰው ነህ። ይሄን ግን እንዴት አሳምረህ ሠራኸው። ያ ማማር ነው ያጥወለወለኝ። ተነሥቼ ቦዩ ላይ ሄጄ አስታወክሁ፤ በላምባው ሽታ ነው ብዬ ለአባባ ነገርኩት።

ከዚያ ደግሞ ለአንተ ጠበቃ መሆን ጀመርኩ። ሲገለበጥ የተሰነጠቀ ይሆናል አልኩ። ግን የተገለበጠ መኪና ስቱኮ አይቀባም፤ ቀለሙም ከግልበጣው በፊት የተነፋ ነው፣ ስትነፋው አጠገብህ ነበርኩ። እንግዲያው ከገበያ እንዲሁ አታለው የሸጡልን ይሆናል፣ አንተም አታውቅም ይሆናል አልኩ። ይህን ይዤ፣ ቸርኬውን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ ወደ ውበቱ ሄድኩ። ጎማህን ሁልጊዜ የሚሠራልህ እሱ ነውና።

«ይሄን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

ቸርኬውን አይቶ ዐይኑን ወደ ኮምፕሬሰሩ መለሰ። «የዝናው ነው።»

«ስንጥቁንስ?»

«ያሳየሁት እኔው ነኝ። ጉድጓድ መትቶ ነው። ጎማው ሲሞላ ሲተነፍስ፣ ሲሞላ ሲተነፍስ ቸገረውና አመጣልኝ። ይሄ ሰው አይጫንበትም፣ ጣለው አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አራቱም ወርቅ ሆነው መጡ። ጎማውን ንፋልኝ አለ። ነፋሁለት።»

«ሳትጠይቀው?»

«ሌላ የገዛ መሰለኝ ብልሽ ይሻልሻል?» አለ። ከዚያ «ደንበኛዬ ነው እናትነሽ። የግሸን ሰሞን ነው፣ ሁሉም ይጣደፋል» አለኝ።

«ከተገለበጠ በኋላስ? እትዬ አሚናት በስብራቷ ሆስፒታል ስትመላለስ፣ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መሬት ላይ ተፋሁ። ወንድ ፊት ተፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ተፋሁ። እሱም ጨርቁን አንሥቶ እጁን መጥረግ ያዘ።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ቸርኬውን እግሬ ሥር አድርጌ ነው ነገሩ የገባኝ። ተሳፋሪ የሚያብረቀርቅ ይወዳል ያልከኝ ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ብትቀባ ሰው ይጠይቃል። አንዱን ለመደበቅ አራቱን ቀባህ። እኔም አጠገብህ ቆሜ ሳቅሁልህ።

ዝናዬ፣ ያን ቀን አንተ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ተሳላሚ አድርሰህ ስትመለስ ባዶውን ላለመምጣት ውጫሌ ላይ ገበያተኛ ጫንክ። ቁልቁለቱ ላይ የፊተኛው ጎማ ተነፈሰና መኪናው ማሽላ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተኛ። ሌላው ሰው ተጫጫረና ተረፈ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው እትዬ አሚናት የቀኝ ክርኗ ደቀቀ። አሚናት ማን እንደሆነች ለአንተ አልነግርም፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪህን የሰፋችልህ ጎረቤታችን ናት። ያ ክርን ዛሬም አይታጠፍም። የልብስ ስፌት መኪናዋን አሁን የምትረግጠው ልጇ ሂዳያ ናት፤ እናትየዋ በግራ እጇ ቁልፍ ትተክላለች።

ሁላችንም የተቦጫጨቀውን ጎማ አየንና ጎማ ፈነዳ አልን። ሽማግሌዎቹ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሆነው እሷ ግቢ ሲቀመጡ «መኪናው ላይ የምታውቀው ጉድለት ነበር?» ብለው ጠየቁህ። «ግሸን ማርያምን፣ አላውቅም» አልክ። እሷ ክንዷ በፋሻ ታስሮ ተቀምጣ ነበር። «ከአላህ የመጣውን ከማን ጋር እሟገታለሁ? ቀደር ነው። የተጻፈ ነው የደረሰብኝ። ከጋሽ አያሌው ቤት ካሳ አልፈልግም» አለች። ጉልበቷ ላይ ወድቀህ አለቀስክ። በደህና እጇ እንባህን ጠረገችልህ። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ቄሱም ሲባርኩ «አሜን» አልክ። ድምፅህን ሰምቼዋለሁ፣ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብለህ ነበር ያልከው። እኔም በእንባህ ኮርቼ ወንድሜ ልቡ ጥሩ ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ።

ብረት ይሰነጠቃል። ሰው ሰሞኑ እንዳያልፈው ይስገበገባል፣ ይቸኩላል፣ ያደርሰኛል ብሎ ይነዳል። ይህን ሁሉ ብትነግረኝ ተቆጥቼህ፣ ሰድቤህ፣ አብሬህ አለቅስ ነበር። የሚያንገሸግሸኝ ያ አሜን ነው። ሴትዮዋ ያንተን ስቱኮ ወስዳ የአላህ ውሳኔ አለችው፣ አንተም አሜን አልክላት። እጅህ ይንቀጠቀጣል ስትል ያዘንልህ ሁሉ ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመርረኛል።

አሁን ስለ አባባ ልንገርህ። ከውበቱ ስመለስ ቸርኬውን ላቫጆው ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ውኃ ልቀዳ ዞር አልኩ። ስመጣ አባባ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ስንጥቁ ላይ እያሳለፈ አገኘሁት። ስቱኮው ገና ጠርዙ ላይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስቱኮ ነው አባባ።»

«ከግልበጣው በፊት ነው በኋላ?»

ፊቴን አየ። ቀና አለና «ውኃ አምጪልኝ» አለኝ። በማሰሮ አመጣሁለት። በሳሙና ታጠበ። እንደገና ጨምሪ አለኝ፣ ጨመርኩለት፣ እንደገና ታጠበ፣ እስከ ክንዱ። ከዚያ ወንበሩን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ስምህን አንሥቶ አያውቅም። እሑድ ስትደውል «ተኝቷል» የምልህ ተኝቶ አይደለም። አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።

ሀምዱ በቀጠሮው መጣ። አራቱ ተደርድረው ሲያብረቀርቁ ሲያይ ተደሰተ፣ በጣቱ መትቶ አዳመጣቸው። አምስተኛውን አሳየሁትና እውነቱን ነገርኩት። አዝኖ ይደነግጣል ብዬ ነበር። መፋቂያውን ከአፉ አወጣና «መልሰሽ ቅቢው» አለኝ። «ለትርፍ ይቀመጣል። ካልሆነም ለሌላ አስተላልፈዋለሁ። ማን ያየዋል?»

«ሰው ይጫንበታል እኮ።»

«የሚነዳው ይወቅበት።»

ያቺን «ማን ያየዋል» ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተም ይህችኑ ብለህ ይሆናል፣ ጓሮ ውስጥ፣ ለራስህ። «መኪናውን አልሸጥልህም» አልኩት። «በንዴት ገበያ አይባረርም» አለ። «ይባረራል» አልኩትና በሩን ከፈትኩለት። እንግዲህ ሚኒባሱ አሁንም ጓሮ ነው፣ እግሩ ብቻ አምሮበት።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ እትዬ አሚናት ነበረች። አልዋሽህም፣ ፈራሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ለአረፋ ከእሷ ቤት፣ ለፋሲካ ከእኛ ቤት ሳንጠራራ የዋልንበት ዓመት የለም። ይህ ሁሉ ሊፈርስ ነው አልኩ። ዝም ብዬ ልቅበረው ወይ ብዬም አሰብኩ። ግን እሱን ካደረግሁ በስቱኮ ላይ ስቱኮ መድፈኔ ነው፤ በየቀኑ ደግሞ ያንን የማይታጠፍ ክንድ ማየት አለብኝ። ቸርኬውን ተሸክሜ ሄድኩ።

በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የልጅ ሸሚዝ በጉልበቷ ይዛ ቁልፍ ትተክላለች። ሂዳያ ከውስጥ የስፌት መኪናውን ትረግጣለች።

«እናትነሽ፣ ይሄን ብረት ምን ልሁንበት ብለሽ ነው ያመጣሽልኝ?» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

ተቀመጥኩና ነገርኳት። አላሳጠርኩም፣ ለአንተም አላደላሁም። ጉድጓዱን፣ ውበቱ ያለውን፣ ማጣበቂያውን፣ ወርቁን። መሃል ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ፤ ሂዳያ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። እትዬ አሚናት መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችና በግራ እጇ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ሲምልም?»

«ሲምልም።»

ቀስ ብላ «ሱብሐነላህ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ።

«እኔ እኮ እናትነሽ፣ ይህን ክንዴን ባየሁ ቁጥር ምን አጥፍቼ ነው ያረቢ እል ነበር። የማንን ሐቅ በልቼ ነው፣ ማንን በምላሴ ጎድቼ ነው እያልኩ የራሴን ወንጀል ስፈልግ ነው የኖርኩት። አንዴ የሰው ጨርቅ ትራፊ አስቀርቼ ነበር፤ በሱ ይሆናል ብዬ ባለቤቷን ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

ሰማህ ዝናው? አንተ ጅቡቲ ተቀምጠህ እሷ የጨርቅ ትራፊ ይዛ ይቅርታ ስትለምን ነበር።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። በአንድ እጇ ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። «አንቺ ተነሺ። አንቺ ምን አደረግሽኝ?» አለች።

«ዕርቁን አፍርሺው እትዬ አሚናት» አልኳት። «ሽማግሌ እንመልስ። ያልሽውን እንቀበላለን፣ አባባም አይከፋውም።»

«ምኑን ነው የማፈርሰው?» አለችኝ። «እኔ ያን ቀን ይቅር ያልኩት ቀደሩን ነው። ዝናውን ገና ይቅር አላልኩትም። ገና አልጠየቀኝም።»

ሂዳያ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። እናትየዋ አላለቀሰችም። ሸሚዙን መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገችና መርፌዋን ነቀለች።

«ይጠይቀኝ» አለች። «በስልክ ግን አይሁን። የማላየውን ፊት አልምርም።»

ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ቢመጣስ ይቅር ትይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «መጥቶ ይየው» አለች። ከዚህ ሌላ አላለችኝም፣ እኔም ከዚህ ሌላ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቷ አልተዘጋብኝም። ትናንት ሂዳያ ጨው ልትበደር መጥታ ነበር፤ አባባ ራሱ ተነሥቶ ሰጣት፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ቸርኬውን ብረት ቆራጭ ዘንድ ወስጄ ለሁለት አስቆርጬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አይቀባውም፣ ማንም አይነፋውም። ለውበቱም ሽማግሌ ፊት ቆሞ ያየውን እንዲናገር ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል። በእሺታው አላምንም፤ አንተ ከመጣህ ግን ያፍራል።

እንግዲህ ና። ሥራ ነው፣ ወረቀት ነው፣ መንገድ ነው አትበለኝ። ወንዱ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለው፣ ጠይቄዋለሁ። ስትደርስ መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት እንዳትገባ። የእትዬ አሚናት በረንዳ ላይ ነው የምትወርደው፣ ያወቅኸውንም በራስህ አፍ ነው የምትነግራት። አባባ ሲያይህ ምን እንደሚል አላውቅም። ምንም ላይል ይችላል።

ከደብዳቤው ጋር በሶና ትንሽ ቅቤ አለ። በሶውን ያስፈጨሁት ሰው ቤት ነው፣ አባባ ለማን ነው ብሎ እንዳይጠይቀኝ። ከረጢቱን ስቋጥር ግን ከኋላዬ መጥቶ ቆመና «አጥብቀሽ እሰሪው፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጨውና በርበሬውን ለይቼ ቋጥሬዋለሁ። ውኃ አፍልተህ ጠጣ፣ የዚያ አገር ውኃ ሆድህን እንደሚያምህ አውቃለሁ።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ከመንገድ አደጋ፣ ከክፉ ሰው፣ ከባዕድ በሽታ ይሠውርህ። እዚህ እስክትቆም ድረስ እንቅልፍ እንዳይወስድህ ልጸልይብህ አስቤ ነበር። ትናንት ተንበርክኬ ጀመርኩት፣ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ደህና እደር።

እህትህ
እናትነሽ አያሌው